ዋናው የቱ ነው?

ፊታውራሪ ደምመላሽ የቆዩ ፎቶግራፎችን መሰብሰብ ይወዱ ነበር። ከሁሉም የሚኮሩት አያታቸው በቅሎ ላይ ተቀምጠው በተነሱት ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር "በአገሩ ያለው ይሄ አንዱ ብቻ ነው" እያሉ ያሳያሉ።

አንድ ቀን ግን ያው ፎቶግራፍ በአንዲት ጥጥ ፈታይ ቤት ተሰቅሎ መታየቱን ሰሙና ሴትዮዋን ከነፎቶዋ አስጠሯት። በፎቶው ላይ የበቅሎዋን ልጓም ይዘው የቆሙት አባቷ ነበሩ፤ መልካቸውን የምታይበት ሌላ ምስል አልነበራትም።

ፊታውራሪው በእንግዶቻቸው ፊት ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጉና፣ "ፎቶ አንሺዎች ከታጠበው ፎቶ ላይ መልሰው እያነሱ ያባዛሉ። ቅጂው ይደበዝዛል፤ የልብሱ ጥለት እንኳ አይለይም" ብለው አስረዱ። ጎንበስ ብለው ቢያዩ ግን ሁለቱም እኩል ደብዝዘዋል። አፈሩና በሴትዮዋ ላይ ጮኹባት።

"አንቺ ሴትዮ፣ ያንቺው ዋናው ነው ወይስ ቅጂ? ዋናው ከሆነ ለእኔ ይገባልና እወስደዋለሁ። ቅጂ ከሆነም ይቀደዳል፤ የአያቴ ቅጂ በየጎጆው አይንከራተትም!"

ሴትዮዋ ደነገጠች። ይህንም አለች ያንን፣ አባቷን ማጣቷ ነው። ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሳች።

"ጌታዬ፣ ዋናዎቹማ አያትዎና አባቴ ነበሩ፤ ሁለቱም አፈር ከለበሱ ቆዩ። የአያትዎ ቅጂ እርስዎ ነዎት፣ የአባቴ ደግሞ እኔ። ቅጂ ይቀደድ ካሉ እንግዲህ ከማን እንጀምር?"

እንግዶቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ፊታውራሪውም "በይ፣ ይዘሽው ሂጂ" ብለው ፎቶዋን መለሱላት።