የልመንህ ዋስ

ድሮ ነው፤ የአያቴ አያት ገና ጥርስ ሳያበቅል። እኔ አላየሁም፤ አየሁ ብሎ የነገረኝም የለም፤ ነገሩ ግን እውነት ነው።

በሸንበቆ ውሃ መንደር ልመንህ የሚባል የማሽላ ጠባቂ ነበር። መሬት የለው፣ በሬ የለው፤ ያለው አንድ ወንጭፍና ሁለት ዓይን ነው። ማሽላው ሲያሽት ማማ ላይ ወጥቶ ግሪሳ ያባርራል። ማሽላው ሲታጨድ ሌሎቹ ጠባቂዎች ይወርዳሉ። ልመንህ አይወርድም። ወንጭፉን ወገቡ ላይ ይጠመጥምና ቁጭ ብሎ ወፍ ያያል።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የመንደሩ ገዥ ጭቃ ሹም ይርዳው እጅግ አስተዋይ ሰው ነበሩ፤ ያልገባቸውን ነገር ሁሉ ይከለክሉ ነበር። በጋው ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ማማው ሥር መጡ።

«አንተ ልመንህ፣ ምን ትጠብቃለህ? ማሽላው እኮ ጎተራ ገብቷል።»

«አልጠብቅም ጌታዬ፤ አያለሁ።»

«ምን ታያለህ?»

«ያችን ሰማያዊ ወፍ። ጭራዋን ሦስት ጊዜ ሳትወዘውዝ አትነሣም።»

«እና ምን ይጠቅምሃል?»

ልመንህ አሰበ። ይህን ማንም ጠይቆት አያውቅም። «ደስ ይለኛል» አለ።

ጭቃ ሹሙ ደነገጡ። ሰው በሠርግ ደስ ይለዋል፤ በጥምቀት ደስ ይለዋል። በተራ ማክሰኞ፣ ማንም ሳይፈቅድለት ደስ የሚለው ሰው ግን ነገ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም።

«ውረድ» አሉ።

«አልወርድም» አለ ልመንህ።

በማግስቱ ማማውን አፈረሱት፤ እንጨቱም ጭቃ ሹሙ ቤት ማገዶ ሆነ። ልመንህ አቧራውን አራግፎ ተነሣና ሸንበቆው ዳር ካለው ኩይሳ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ምስጥ የሠራውን ለማፍረስ ደግሞ አዋጅ አይበቃም። ሰማያዊዋ ወፍ መጣች፤ ጭራዋን ሦስት ጊዜ ወዘወዘች። ልመንህ አየ።

ጭቃ ሹሙ ፈንታሁን የሚባል ሎሌያቸውን ጠሩ። «ሂድና ጠብቀው። ዓይኑ ወዴት ወዴት እንደሚል አይተህ ማታ ማታ ትነግረኛለህ» አሉት።

የመጀመሪያው ማታ ፈንታሁን መጣ። «ወደ ሰማይ አየ ጌታዬ።»

በሁለተኛው ማታ መጣ። «ወደ ውሃው አየ ጌታዬ። አንዲት ወፍ እንደ ድንጋይ ወድቃ ዓሣ ይዛ ወጣች። ዓሣውን ግንድ ላይ እየደበደበች...»

«ስለ ዓሣው አልጠየቅሁህም።»

በሦስተኛው ማታ ፈንታሁን አልመጣም። ጭቃ ሹሙ ራሳቸው ቢሄዱ፣ ኩይሳው ላይ ሁለት ሰው ተቀምጧል።

«አንተ ፈንታሁን፣ ምን ነካህ?»

«ቀስ ይበሉ ጌታዬ» አለ ፈንታሁን ሳይዞር፣ «አያስበርግጓት።»

ይህ የሸንበቆ ውሃ ሰው ለሹም የሰጠው የመጀመሪያ ትእዛዝ ነው ይባላል።

እንግዲህ ነገሩ ሸንጎ ቀረበ። መንደሩ ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። ጭቃ ሹሙ ከሰሱ፦ «ሥራ ፈትቶ ሥራ ያስፈታል። ወይ ዳግመኛ ወፍ ላያይ ይማል፤ ወይ ከአገር ይውጣ።»

ልመንህ ሌላ አገር አያውቅም። የሌላ አገር ወፍም አያውቅም። ሸንበቆውን አየ፤ ሰማዩን አየ።

«አልምልም» አለ።

«እንግዲያው ክፋት እንደሌለህ ዋስ ጥራ» አሉ ዳኛው።

ሰው ሁሉ አቀረቀረ። ፈንታሁን ሊነሣ ነበር፤ ግን እሱም ኩይሳው ላይ በመቀመጡ አብሮ ተከስሷል።

«ዋሴ መንገድ ላይ ናት» አለ ልመንህ። «ራዛ ናት፤ ያቺ ባለ ረጅም እግሯ ወፍ። ዝናብ ሲቃረብ ትመጣና እዚህ ዋርካ ላይ፣ ከዳኛው ራስ በላይ ጎጆዋን ትጠግናለች። ዘጠኝ ዓመት አይቻታለሁ፤ አንድም ቀን ቃሏን አላጠፈች።»

ሸንጎው ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም። ሕግ አዋቂ ናቸው። በአገሩ ሕግ ዋስ ከተጠራ ሸንጎው ሰባት ቀን መጠበቅ አለበት። ዋስ ክንፍ አይኑረው የሚል ሕግ ደግሞ ቢፈለግ ታጣ።

ስለዚህ ሸንጎው ሁሉ አንጋጦ ተቀመጠ። ከሁሉ በላይ ያንጋጠጡት ጭቃ ሹሙ ናቸው፤ ዋሷ ሾልካ እንዳትገባባቸው።

በመጀመሪያው ቀን «ያቺ ናት?» አሉ።

«ጭልፊት ናት ጌታዬ።»

በሦስተኛው ቀን ሌላ ሰው «ያቺ ናት?» ሲል ጭቃ ሹሙ ተቆጡ። «ጥንብ አንሣ ነው እንጂ። ክንፉን እንደማያራግብ አታይም?» በአምስተኛው ቀን ምሳ ቢመጣላቸው በእጃቸው ምልክት መለሱት።

በሰባተኛው ቀን ፀሐይ አዘቀዘቀች። ዋስ የለም። ልመንህ ወንጭፉን ጠቅልሎ ጨርቁን ቋጠረ፤ ግን ይቅርታ አልጠየቀም። ዳኛው ሊፈርዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቆይ እንጂ ዳኛ» አሉ ከሳሹ ጭቃ ሹም፣ ከሰማዩ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። «ፀሐይ መች ጠለቀች?»

ወዲያው በስተደቡብ አንድ ጥቁር ነጥብ ታየ። ነጥቡ ክንፍ አወጣ፤ ክንፉ እግር አስከተለ።

«መጣች» ብለው ብድግ ያሉት ጭቃ ሹሙ ናቸው።

ራዛዋ ዋርካው ላይ አረፈች፤ አሮጌውን ጎጆዋን መረመረች፤ አንድ የበሰበሰ ጭራሮ ነቅላ ዳኛው ጭን ላይ ጣለች። ዳኛው ጭራሮውን አገላብጠው አዩት። «ዋስ ቀርቧል» አሉ።

በማግስቱ ማማው ተሠራ። ጭቃ ሹሙም ማማ የሚያፈርስ ሰው ምን ያህል ክፉ እንደሆነ ረጅም ንግግር አደረጉ።

ከዚያ ወዲህ በሸንበቆ ውሃ ማሽላ ሲታጨድ ማማ አይፈርስም። የወደደ ይወጣል፤ የወደደውን ያህል ይቀመጣል። መንገደኛ ሹም አልፎ «ምን ትሠራለህ?» ያለው እንደሆነ፣ ዓይኑን ከሰማይ ሳይመልስ «ዋስ እጠብቃለሁ» ይለዋል። ሹሙም ነገሩ የሕግ ጉዳይ ስለሚመስለው፣ መንገዱን ይቀጥላል።