ለቁም ሰው የተነፋ ጥሩምባ

አንድ የእድር ዳኛ ነበረ።

ትርንጎ፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም፤ ተቀመጪና ስሚ። ባልሽን ሚስማር ወግቶት፣ ደሙ ተመርዞ በአምስተኛው ቀን ከሞተብሽ ወዲህ፣ እንዳንቺው ሰው ከሞተባቸው ስድስት ሰዎች ጋር ማኅበር አቋቁማችሁ፣ ቦርድ ሆናችሁ ታስተዳድራላችሁ። በሬዲዮም፣ ቁስል ያለበት ሰው፣ አራስም ብትሆን፣ ካንቀጠቀጠው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ከቃዠ፣ ደም መመረዝ ሊሆን ይችላልና ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ውሰዱት ብላችሁ አስነገራችሁ። ሕዝቡ ጉንፋኑንም ቁርጠቱንም ይዞ ሐኪም ቤቱን ሞላው። ሐኪሞቹ አጉረመረሙ፤ አገር ሳቀባችሁ። አሁን ከሰባታችሁ አራቱ፣ ማስታወቂያውን እናንሣና እኛም እንልቀቅ ይላሉ። አንቺም፣ እኛ ሐኪም አይደለንም፣ ታዲያ እዚያ ወንበር ላይ ምን እንሠራለን ብለሽ መጣሽ። እንግዲህ የዳኛውን ልንገርሽ።

እድሩ ጥሩ እድር ነበር። ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ጠንካራ ቃሬዛ አለው። ከሁሉ በላይ ጥሩምባ አለው። ጥሩምባው ከተነፋ ሁለት መቶ አባወራ ይወጣል። በሬ ጠምዶ ከሆነ ፈትቶ፣ ከሚስቱ እየተጣላ ከሆነ ጠቡን አቆይቶ ይወጣል። ደንቡ አንድ ነው፤ ጥሩምባ የሚነፋው ለሞተ ነው።

ይህ ዳኛ አንዲት ልጅ ነበረችው። በአጨዳ ጊዜ ጣቷን ማጭድ ቆረጣት፤ በጨርቅ አስራ አጨዳዋን ቀጠለች። በሦስተኛው ቀን ያንቀጠቅጣት ጀመር። ትንፋሿ እንደተባረረች ፍየል ቶሎ ቶሎ አለ፤ እጇ ቀዘቀዘ። ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ጨምቀው አጠጧት፣ ገላዋንም አሹላት። ኋላ አባቷን ትኩር ብላ አይታ፣ አንተ ማነህ አለችው። ሰውየው ሳቀ። ሲሻላት እነግራታለሁ፣ እንስቅባታለን ብሎ ነው የሳቀው። በአምስተኛው ቀን ጥሩምባ ተነፋ።

ቤተ ክርስቲያኑ ከዳገቱ ማዶ ነው፤ መንገዱም በጤና ጣቢያው በር ያልፋል። ሁለት መቶ ሰው እየተቀባበለ ተሸክሟት ሲያልፍ የጣቢያው አካሚ፣ ድሬሰሩ፣ ከበሩ ላይ ቆሞ፣ ስንት ቀን ታመመች ብሎ ጠየቀ። ነገሩት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ካፉ አምልጦት ነው።

«ከትናንት በስቲያ በዚሁ ትከሻ ብታመጡልኝ ኖሮ» አለ። ዳኛው ሰማ።

አርባዋን ካወጣ በኋላ አራቱን የእድሩን ሽማግሌዎች ሰበሰባቸው። ጥሩምባው ለታመመም ይነፋ፣ ቃሬዛውም ሰው ሳይሞት ይውጣ አላቸው። ሽማግሌዎቹ አዘኑለት እንጂ እሺ አላሉትም። ክፉዎች እንዳይመስሉሽ። እንዳንቺ ጓደኞች የሚፈሩት ነበራቸው። አንዱ፣ ለቁም ሰው ጥሩምባ መንፋት ሞትን በስሙ መጥራት ነው አለ። ሌላው፣ ሰውየው የሞተ እንደሆን ዘመዶቹ አሟረታችሁበት ይሉናል አለ። ትልቁ ሽማግሌ ጢሙ እስከ ደረቱ የወረደ፣ ደንብ አዋቂ ነበር። እሱም፣ የኛ ሥራ የሞተ መቅበር ነው፣ የታመመው የእግዜርና የሐኪም ነው ብሎ ነገሩን ዘጋው።

ዳኛው፣ ጅብ ከሄደ የሚጮህ ውሻ ሆነናል አላቸው። ትልቁ ሽማግሌ ውሻ በመባሉ ተቆጥቶ ስንት ሰንበት ሰላምታ ነሣው። ዳኛው ግን ወንበሩን ጥሎ አልወጣም። አኩርፎ ቢወጣ ኖሮ ነገሩ እዚያው ላይ ባለቀ ነበር፤ ይህን ልብ በይ።

ከክረምቱ በኋላ የአንድ ሸማኔ ሚስት ወለደች። በስምንተኛው ቀን አንቀጠቀጣት። የሷም ምች ነው ተባለ፤ አራስ ደግሞ ቀኗ ሳይሞላ ፀሐይ አያያትም ተባለ። ዳኛው እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊላት ሄዶ ከመጋረጃው ወዲህ ትንፋሿን ሰማ። ያንን ትንፋሽ ያውቀዋል። ባሏን እንውሰዳት ቢለው፣ ዳገቱን በማን ትከሻ ብሎ መለሰለት። እውነቱን ነው፤ ሸማኔ አንድ ትከሻ ነው ያለው።

ዳኛው ቀጥ ብሎ ጥሩምባ ነፊው ቤት ሄደና ንፋ አለው። ጥሩምባ ነፊው ማን ሞተ ብሎ ጠየቀ። የሞተ የለም ሲለው እጁን አጣጥፎ ቆመ። ሃያ ዓመት ስነፋ ላልሞተ ሰው ነፍቼ አላውቅም፣ እጄ እንዲደርቅ አልሻም አለ። ዳኛው ጥሩምባውን ከግድግዳው አወረደ። በጠራራ ፀሐይ ጉብታው ላይ ወጥቶ ራሱ ነፋ። መንፋት አይችልበትም፤ የጥጃ ድምፅ ነው ያወጣው። ምን ያስቅሻል? ሰው ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገና ከሩቅ እያለቀሱ ደረሱ። ወንዶቹ መቆፈሪያ ይዘዋል። ማን ነው፣ ማን ነው ይላሉ።

«ማንም አልሞተም» አላቸው። «ለዚህ ነው የጠራኋችሁ።»

አንዲት ሴት የጀመረችውን ለቅሶ ምን እንደምታደርገው ጠፍቷት አፏን ከፍታ ቀረች። ዳኛው የሸማኔውን ሚስት ነገር ሲነግራቸው ሰው ሁሉ ዞሮ ትልቁን ሽማግሌ አየ። ሽማግሌው እንደተቀየመ ነው፤ ከዳኛው ጋር ገና አልታረቀም።

«ቃሬዛው የታል?» አለ። «ቆማችሁ ጠብቃችሁ ልትቀብሯት ነው?»

ዳገቱን እየተቀባበሉ አወጧት። ድሬሰሩ መርፌ ወጋት፣ ግሉኮስ ሰቀለላት፣ በመኪናም ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላካት። በሃያኛው ቀን በእግሯ ተመለሰች። ሽማግሌዎቹም ደንቡን ለወጡት።

አሁን መልካሙን ሰምተሽ ልትነሺ ነው አይደል? ቁጭ በይ። ያንቺ ነገር ገና አልደረሰም።

በፋሲካ ማግስት የአንድ ሀብታም ገበሬ ሚስት እየጮኸች መጣች። ባሏ ይንቀጠቀጣል፣ ይቃዣል። ጥሩምባ ተነፋ። ሰውየው ደግሞ ወፍራም ነው፤ ስምንት ስምንት ሆነው እየተፈራረቁ ተሸከሙት። ዳገቱ አጋማሽ ላይ አስመለሰው። ሁለት ወር ጾሞ በአንድ ቀን የበላው ጥሬ ሥጋ ወጣ። ላቡን ጠረገ፣ ውሃ ጠየቀ፣ በገዛ እግሩ ቁልቁል ወረደ። ባዶ ቃሬዛ ይዘው ተከተሉት።

አገር በሳቅ ፈረሰ። ገበያ ላይ ሽማግሌዎቹን የቁም ቀባሪዎች ይሏቸው ጀመር። ያስነጠሰ ሁሉ፣ ኧረ ጥሩምባ ይባላል። ሚስቲቱማ ውሃ ልትቀዳ መውጣት አፈረች። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ጥሩምባው ወደ ጥንት ደንቡ ይመለስ አሉ። ትልቁ ሽማግሌ በስተርጅና መሳቂያ አልሆንም አለ። ዳኛው ለመናቸውና ነገሩን ለሚቀጥለው ወር ቀጠሩት።

በዚያው ወር አንዲት ባልቴት፣ ሸክላ ሠሪ፣ እግሯን ገል ቆረጣት። አመረቀዘ፤ አንቀጠቀጣት። ጎረቤቷ ጥሩምባ ላስነፋልሽ ብትላት፣ እንደዚያ ሰውዬ አገር እንዲሳቅብኝ ነው፣ ተይኝ፣ ነገ ይተወኛል አለቻት። በማግስቱ አልተዋትም። በሦስተኛው ቀን ጥሩምባ ተነፋላት፤ ያ የጥንቱ ዓይነት።

ከቀብር መልስ፣ ሰው ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጠ፣ ጎረቤቷ የባልቴቲቱን ቃል እንዳለ ተናገረች። ሲስቅ የከረመው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ዳኛው ተነሣ። ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም።

«ከዛሬ ወዲያ ጥሩምባ ተነፍቶ የታመመው ምንም ሳይሆን ቢቀር፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለ። «በሱም በሚስቱም አትሳቁ። መሳቅ ያማረው እኔ ደጅ መጥቶ ይሳቅ።»

ትልቁ ሽማግሌ ምርኩዙን ተደግፎ እያቃሰተ ቆመ።

«የሱ ደጅ ጠባብ ነው» አለ። «የተረፋችሁ ወደኔ ኑ።»

ሦስቱ ሽማግሌዎችም ተከታትለው ተነሡ። የገበሬው ሚስት ከሴቶቹ ጥግ ተከናንባ ተቀምጣ ነበር፤ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ገለጥ አደረገች። ከዚያ ወዲህ ጥሩምባው ብዙ ጊዜ በከንቱ ተነፍቷል፤ ጥቂት ጊዜ ደግሞ በከንቱ አልተነፋም። ደርሰውላት የሞተችም አለች፤ አልደብቅሽም። ሰው ግን አፍሮ ቤቱ አልቀረም።

ትርንጎ ልጄ፣ ሰባታችሁ እነዚያ ሽማግሌዎች ናችሁ። መርፌ የሚወጋ ሌላ አለ፣ ደግሞም ከናንተ በላይ ያውቅበታል። አንቺ የተቀመጥሽው፣ አንዲት እናት በሬዲዮ የሰማችውን ይዛ ልጇን አዝላ ስትሮጥ፣ ጉንፋን ነው ሂጂ ቢሏት፣ እፍረቷን ልትሸከሚላት ነው። እሷ ካፈረች በሚቀጥለው አትሮጥም፤ የሚቀጥለው ደግሞ ጉንፋን ላይሆን ይችላል። ስለዚህ አልተሳሳተችም በሉ። ስሕተት አለ ከተባለም የቦርዱ ነው ይባል፣ ስማችሁ ተጠርቶ። ሐኪሞቹ ቢያጉረመርሙ እናንተ ላይ ያጉረምርሙ፤ ደክሟቸው ነውና ሄዳችሁ ስሟቸው፣ ምን እንርዳችሁ በሏቸው። ወንበራችሁ የተሠራው ለዚህ ነው። ክብር የፈለገ ካለ ሌላ ወንበር ሞልቷል፤ እዚያ ሄዶ ይቀመጥ።

ደግሞ አልዋሽሽም፤ ማስታወቂያችሁን የሰማሁ ለት እኔም ስቄአለሁ። ሳል ይዞኝ ነበርና፣ ትርንጎን ጥሩልኝ፣ ቀብሬ ደርሷል ብዬ ጎረቤቱን ሁሉ አሳቅኩት። ይኸው፣ እሱንም ከሌላው ላይ ደርቢውና ተሸክመሽ ሂጂ። ማስታወቂያው ግን ነገም ይነገር።