ሁሉ የሚያያት ሴት

አንድ ትልቅ ከተማ ውስጥ ትርንጎ የምትባል ሞዴል ነበረች። ረጅም ናት፤ አንገቷን ቀና አድርጋ ስትራመድ እግሯ መሬት የሚነካ አይመስልም። ገና በልጅነቷ ለዚህ ሥራ የመረጠቻት ዲዛይነር በመጀመሪያው ቀን እንዲህ ብላ አስተማረቻት፦

«መድረክ ላይ ስትወጪ ማንንም አትይ። ዓይንሽን ከሰዎቹ ራስ በላይ፣ ሩቅ ቦታ ላይ ጣይው። ያንቺ ሥራ መታየት ነው፤ ማየት አይደለም።»

ትርንጎ ትምህርቱን በደንብ ያዘችው። መብራቱ ሲበራና ሙዚቃው ሲጀምር ውሃ ውስጥ እንደሚሄድ ሰው ቀስ ብላ ትራመዳለች። ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሰዎች ለእሷ ጉም ነበሩ። ጭብጨባቸው ከተራራ ማዶ እንደሚጥል ዝናብ ከሩቅ ይሰማታል። ፎቶዋ በየመጽሔቱ ሽፋንና በየአደባባዩ ላይ ወጣ። ሌላ አገር ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ሄደች። ዓመታቱ መኪና ውስጥ እንቅልፍ እንደጣለው መንገደኛ ይዘዋት አለፉ።

ችግሩ ከመድረክ ስትወርድም ዓይኗ ከዚያ ከሩቁ ቦታ አለመመለሱ ነበር። ጓደኞቿ ሲያወሯት ከራሳቸው በላይ ታያለች። ልብሷን የምታስተካክልላት ልጅ ሥራ ለቃ በሌላ ስትተካ፣ መቀየሯን እንኳ ልብ አላለችም።

አባቷ ሐይቅ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ብቻውን ይኖራል። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ጤና ጣቢያ ውስጥ ቁስል እያጠበና መርፌ እየወጋ ስለኖረ የከተማው ሰው እስከ ዛሬ «ድሬሰር» ብሎ ነው የሚጠራው። እናቷ ከሞተች ቆይታለች። አንዳንዴ ይደውልላታል።

«በቅርቡ እመጣለሁ አባዬ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ትለዋለች።

«ግድ የለም ልጄ፣ ሲመችሽ» ይላታል።

ጊዜው ሄደና ከእሷ የሚያንሱ ሞዴሎች መጡ። ጥሪው እየቀነሰ ሲሄድ ትርንጎ ተዋናይ ልሁን ብላ ተነሳች። ጋሽ ንዋይ የሚባሉ አንድ ሽማግሌ አዘጋጅ ለአዲሱ ቴአትራቸው ሰው እየፈለጉ ነበርና ዋናውን ሚና ሰጧት። ቴአትሩ ልጇ በጀልባ ወጥቶ ስለቀረባት አንዲት ሴት ነው። ሴትየዋ ጀልባ በደረሰ ቁጥር ወደብ ትወርዳለች፤ ተሳፋሪው ሁሉ ይወርዳል፤ ልጇ ግን የለም። ብዙ ንግግር የለውም። ሁሉም ነገር ያለው መጠበቋ ላይ ነው።

በልምምዱ ላይ ትርንጎ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ ሩቅ ተመለከተች። እንባዋ በጉንጯ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። ሌሎቹ ተዋንያን አጨበጨቡ። ጋሽ ንዋይ ግን ከወንበራቸው ሳይነሱ «በቃ፣ አቁሚ» አሉ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽም። ማልቀስ ያምርብሻል።»

«ታዲያ?»

«ልጇን የምትጠብቅ ሴት አላየሁም ነው የምልሽ። ያየሁት ስታለቅስ እንድትታይ የቆመች ሴት ነው። ለመሆኑ ሰው ሲጠብቅ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ትርንጎ ልትመልስ አፏን ከፈተች። አንድ ፊት፣ የሚጠብቅ የአንድ ሰው ፊት ለማስታወስ ሞከረች። የመጣላት ጉም ብቻ ነበር። ደነገጠች።

«አላውቅም ጋሽ ንዋይ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እንግዲያው ሄደሽ አይተሽ ነይ። አንድ ሳምንት እታገስሻለሁ። ከዚያ በኋላ ሚናውን ለሌላ እሰጣለሁ፤ እንዳትቀየሚኝ።»

ወዴት እንደምትሄድ ስታስብ የአባቷ ከተማ ትዝ አላት። አልደወለችም። ወደዚያ የሚያልፍ ሰው መኪና አግኝታ፣ በገበያው በኩል ወርዳ በእግሯ ገባች። ጊዜው ከሰዓት በኋላ ነው። የሐይቁ ውሃ ፀሐይዋን ይዞ ይንቀጠቀጣል፤ ብርሃኑ በየግድግዳውና በየዛፉ ግንድ ላይ ይዋኛል። መንገዱ በሕልም እንደሚታይ ሰፈር፣ የምታውቀውም የማታውቀውም መሰላት።

አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ስትደርስ አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አየች። ባርኔጣ አድርጓል፤ ቡናማ ኮት ለብሷል። ጀርባው ወደ እሷ ነው። «ይኸው የሚጠብቅ ሰው» አለች በልቧና ከአንድ ሱቅ ጥግ ቆማ ትመለከተው ጀመር።

ከዋናው ከተማ የሚመጣው አውቶቡስ አቧራውን እያቦነነ ደረሰ። ሽማግሌው ብድግ አለ። የኮቱን አቧራ አራገፈ፤ ቁልፎቹን እስከ ላይ ቆለፋቸው። በሩ ተከፍቶ ሰው መውረድ ሲጀምር አንገቱን አስግጎ እያንዳንዱን ሰው አየ። ወጣት ሴት በወረደች ቁጥር ትከሻው ቀና ይልና መልሶ ይረግባል። የመጨረሻው ሰው ወርዶ በሩ ተዘጋ። ትርንጎ አሁን ያለቅሳል ብላ ጠበቀች። አላለቀሰም። ዘንቢል የከበዳት አንዲት አሮጊት አየና፣ ከመጀመሪያውም ለእሷ የወጣ ይመስል ሮጥ ብሎ ተቀበላት።

አጠገቡ ሻይ የምትሸጥ ሴት «ዛሬም አልመጣችም እንዴ፣ ድሬሰር?» አለችው።

«ማ? ኧረ እኔ እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው የወጣሁት» አለ እየሳቀ።

ትርንጎ ድምፁን ስትሰማ ማን እንደሆነ አወቀች። የሱቁን ግድግዳ ይዛ ቆመች። አባቷን ከጀርባው አላወቀችውም ነበር። የገዛ አባቷን ለሚና ልታጠናው ነበር የቆመችው።

አሮጊቷን ሸኝቶ ሲመለስ መንገዱ ላይ ጠበቀችው። ዘንቢሉን ይዞበት የነበረውን እጁን እያሻሸ መጣና ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ትርንጎ? ውይ ልጄ! በየት በኩል መጣሽ?»

«በገበያው በኩል፣ በሰው መኪና።»

«ብትደውዪ ኖሮ እኮ ወጥቼ እቀበልሽ ነበር።»

ፊቱን አየችው። ሲላጭ ጆሮው ሥር የሳታት ነጭ ጢም አለች። የግራ ዓይኑ ውሃ ያቀርራል። አገጩ ላይ ጠባሳ አለ፤ መቼ እንዳገኘው አታውቅም። እንዲህ አድርጋ አይታው አታውቅም ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ አብራው ቆየች። የጠባሳውን ታሪክ ጠየቀችው፤ ነገራት። እናቷ ስትስቅ እንዴት እንደነበረች ጠየቀችው፤ አስመስሎ አሳያት። አንድም ቀን ግን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አይቼሃለሁ አላለችውም። የደበቀውን እንደደበቀ ተወችለት።

ቴአትሩ የተከፈተ ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ብዙው ሰው የመጣው የመልከ መልካሟን ሞዴል እንባ ለማየት ነው። ትርንጎ ግን አላለቀሰችም። ጀልባው ሲደርስ ነጠላዋን አስተካከለች። የሚወርዱትን አንድ በአንድ አየች። የመጨረሻው ተሳፋሪ ሲወርድ ፈገግ ብላ ሄደችና የአንድ ሽማግሌ ሸክም ተቀበለች። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሲቃ ሲይዘው ተሰማ፤ ቀጥሎ ሌላው፤ ቀጥሎ ሌላው። ትርንጎ ከመድረክ ላይ ሆና አየቻቸው። ጉም አልነበሩም። አንዷ እናቷን፣ አንዱ ወንድሙን እያሰቡ የሚያለቅሱ ሰዎች ነበሩ።

ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ ቴአትሩን እንዲያይ የጠራችውን አባቷን ወንበሩ ላይ ቀርቶ አገኘችው። ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ ነው። አጠገቡ ተቀመጠች።

«ያን ዕለት አይተሽኝ ነበር ማለት ነው» አለ ወደ እሷ ሳይዞር።

«አይቼህ ነበር አባዬ። ተቀየምከኝ?»

ሽማግሌው ባርኔጣውን በጣቶቹ አዟዟረ።

«ሰው ሁሉ አንቺን ሲያይ ደስ ይለኝ ነበር። ልጄን ዓለም አያት እያልኩ እኮራ ነበር። እኔን የሚያይ ሰው ይኖራል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም» አላትና እጇን ያዘ። እሱም አለቀሰ፤ እሷም ያምርብኛል ሳትል አለቀሰች።

ትርንጎ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን በመድረክ ላይ ኖረች። የአደባባዩ ፎቶዎቿ ተነሱ፤ ሌሎች ተሰቀሉ። ሰዎች ግን በመንገድ ሲያገኟት «ቆንጆ ነሽ» ማለቱን ትተው የራሳቸውን ታሪክ ያጫውቷት ጀመር። እሷም ቆማ ትሰማቸዋለች፤ ፊታቸውን እያየች።

ወዳጆቼ፣ ሰው ሁሉ እንዲያየን ስንደክም የሚወዱንን ሰዎች ሳናያቸው ዕድሜ ያልፋል። መታየት ለአፍታ ያስጨበጭባል፤ ማየት ግን ሁለት ሰዎችን ከብቸኝነት ያወጣል፤ የታየውንም ያየውንም። ደግሞም በጣም የሚወዱን ሰዎች «እዩን» ብለው አይጠይቁንም፤ «ግድ የለም፣ ሲመችህ» ነው የሚሉን፤ እኛም አምነን እንቀመጣለን።

እናንተስ? ፊቱን ልብ ብላችሁ ካያችሁት የቆያችሁት የቅርብ ሰው ማን ነው?