ተጠባባቂው በረኛ ያየው

አንድ ሰው እሑድ እሑድ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ጓንቱን አጥልቋል፣ የጫማውን ክር ጠበቅ አድርጎ አስሯል፣ ሰውነቱን አሟሙቋል። ጨዋታው ይጀመራል፣ ጨዋታው ያልቃል። ሰውዬው ጓንቱን አውልቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በሚቀጥለው እሑድ ተመልሶ ይቀመጣል።

ይህ ሰው የአንድ ፋብሪካ እግር ኳስ ቡድን ተጠባባቂ በረኛ ነው። ተጠባባቂ በረኛ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? አጥቂ ሲደክመው ይቀየራል፤ ተጠባባቂውም ገብቶ አሥር ደቂቃ ይሮጣል። በረኛ ግን ደክሞት አይቀየርም። በረኛ የሚወጣው ወይ ሲጎዳ ነው፣ ወይ ቀይ ካርድ ሲያይ። እንግዲህ ይህ ሰው ምን ብሎ ይጸልይ? «ጌታ ሆይ፣ የባልንጀራዬን እግር ስበርልኝ» ይበል?

ስሙ ተረፈ ይባላል። ደጋፊዎቹ ጨዋታው ባለቀ ቁጥር «ዛሬም ተረፈ!» እያሉ ይስቁበት ነበር። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ከአሥር ዓመት በላይ እንዲህ ሲሳቅበት፣ እሱም ሲስቅ ኖረ።

ግን ወገኖቼ፣ ተረፈ ሥራ ፈት አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ልምምድ ላይ ለዋናው በረኛ ኳስ የሚመታለት እሱ ነው። ዋናው በረኛ ወንድይፍራው ይባላል፤ ረጅም፣ ደፋር፣ ከተማው ሁሉ የሚወደው ሰው። ተረፈ በቀኝ ይመታለታል፣ በግራ ይመታለታል፣ ከላይ ይወረውርለታል። ወንድይፍራው ከመዝለሉ በፊት የትኛውን ጉልበቱን እንደሚያጥፍ ተረፈ ያውቃል። ሲከፋው ያውቃል፤ እንቅልፍ ሳይተኛ የመጣ ዕለትም ያውቃል።

አንድ ሰሞን ወንድይፍራው ከአንድ አጥቂ ጋር በጭንቅላቱ ተጋጨ። ትንሽ ተጋድሞ ተነሣ፤ ሕዝቡ አጨበጨበለት፤ ጨዋታውን ጨረሰ። ነገሩም ተረሳ።

ከዚያ በኋላ ግን ተረፈ አንድ ነገር አየ። በቀኝ የመታውን ኳስ ወንድይፍራው እንደ ወትሮው ይይዘዋል። በግራ የመታውን ግን ዘግይቶ ይዘላል። «ደክሞት ይሆናል» አለ በልቡ። በማግስቱም ያው ሆነ። ልምምዱ አብቅቶ ወንድይፍራው ውኃ ሊጠጣ ሲሄድ፣ ተረፈ በግራው በኩል ቆሞ እጁን ዘረጋለት። ወንድይፍራው የተዘረጋውን እጅ ሳያይ አለፈ።

ተረፈ ያን ጊዜ ገባው። ይህ ሰው በግራ በኩል አያይም!

አሠልጣኙ አላወቀም። ደጋፊው አላወቀም። ያወቀው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው ብቻ ነው።

ቤቱ ገባ። ምሳ ቀረበለት፣ አልበላለት አለ። ሚስቱ አስካለ «ምነው? ወጡ አልጣመህም?» አለችው። ያየውን ነገራት።

«ታዲያ ስትነግረው ምን አለህ?»

«አልነገርኩትም።»

«ለምን?»

ተረፈ አቀረቀረ። «እሑድ ከባድ ጨዋታ አለ። በግራ በኩል ሁለት ጎል ቢገባበት አሠልጣኙ ራሱ ያስወጣዋል። እኔ ክፉ አልሠራሁም፤ ዝም ነው ያልኩት። አስካለ፣ አንድ ጊዜ እንኳ በወጉ ልጫወት ብዬ ብመኝ ኃጢአት ነው?»

አትፍረዱበት። እናንተስ ብትሆኑ?

አስካለ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አደረገች። «መመኘቱስ ኃጢአት አይደለም» አለች። «ግን የሰው ዓይን ሲጠፋ እያየህ ዝም ብለህ ያገኘኸው ቦታ ላይ ስትቆም፣ ደስ ይልሃል?»

ተረፈ ምግቡን እንዳለ ትቶ ተነሣ።

ወንድይፍራውን ግቢው ውስጥ ልብስ ሲያሰጣ አገኘው። «ወንዴ፣ ግራ ዓይንህን ምን ሆነህ ነው?» አለው።

የወንድይፍራው ፊት ተለዋወጠ። «ማን ነገረህ?»

«ማንም። ኳስ ስመታልህ አየሁ።»

«አሃ! ይህን ሁሉ ዓመት ስትጠብቅ ኖረህ አሁን ሰበብ አገኘህብኝ! ሂድ፣ ለአሠልጣኙ ንገረው። ሂድ፣ ማሊያዬን ውሰድ!»

ተረፈ ንቅንቅ አላለም። «ለአሠልጣኙ አልነገርኩም። የምትነግረው አንተው ነህ። እኔ የመጣሁት ሐኪም ቤት ልወስድህ ነው። እስቲ ቀኝ ዓይንህን በእጅህ ሸፍንና እየኝ።»

ወንድይፍራው እምቢ ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ ቀስ ብሎ እጁን አነሣና ቀኝ ዓይኑን ሸፈነ። ያ ስታዲየሙ ሙሉ የሚጮህለት ሰው እዚያው የልብሱ ገመድ ሥር ቁጭ አለ።

«እንደ መጋረጃ ነው» አለ። «ከጎን ይመጣብኛል፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ። ፈርቼ ነው ተረፈ። ኳስ ካልያዝኩ እኔ ምንድን ነኝ?»

«ወንዴ ነህ። ሌላ ምን ትሆናለህ? በል ጫማህን አድርግ።»

የዓይን ሐኪሟ መረመረችው። ግጭቱ የዓይኑን የውስጥ ሽፋን እያላቀቀው ነበር። «ዛሬ ባይመጡ ኖሮ፣ ጭንቅላትዎን ደግሞ አንድ ኳስ ቢመታዎት ኖሮ፣ ይህን ዓይን አናተርፈውም ነበር» አለችው። ሳይውል ሳያድር ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ዓይኑም ዳነ። ከእንግዲህ ግን መዝለልም መውደቅም አይቻልም ተባለ። ጓንቱን ሰቀለ።

እሑድ ተረፈ ጎል ላይ ቆመ። አሸነፈ ብዬ ልንገራችሁ? አላሸነፈም፤ ሁለት ለአንድ ተሸነፉ። ከዚያም ጥቂት ጊዜ ተጫወተ፤ አንዳንድ ቀን ጥሩ፣ አንዳንድ ቀን እንደ ነገሩ። በኋላ ወጣትና የተሻለ በረኛ መጣ። ተረፈ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ለወጣቱም ጠዋት ጠዋት ኳስ መምታት ጀመረ። ሳያኮርፍ!

ጨዋታ ሲያቆም ቡድኑ ትንሽ ግብዣ አደረገለት። ወንድይፍራው ሕፃን ልጁን ታቅፎ መጣና ተነሥቶ ተናገረ። «እኔ ብዙ ኳስ አድኛለሁ። የትኛውን እንደሆነ ዛሬ ማንም አያስታውስም። ይህ ሰው ግን እኔን አዳነ። ይህችን ልጅ በሁለት ዓይኔ የማያት በእሱ ነው።»

ተረፈ ንግግር አይችልም። እንዲህ ብቻ አለ፦ «እኔም አመሰግናለሁ። እግዚአብሔር ረስቶኝ ነው ወንበር ላይ ያስቀመጠኝ እል ነበር። ለካስ ወንድሜን የማየው ከዚያ ኖሯል።»

ወገኖቼ፣ እዚህ መካከላችን ስንት ተጠባባቂ ተቀምጧል? በመዘምራኑ ኋለኛ ረድፍ የምትቆሙ፣ የታመመች እናታችሁን ስታገላብጡ ሠርጉም ጉዞውም ያለፋችሁ፣ ሌላው በሚሸለምበት ሥራ ላይ ላባችሁን ያፈሰሳችሁ! «ማን አየኝ?» ትላላችሁ። ያየስ አለ። ግን ዛሬ ጥያቄውን ልገልብጥባችሁ፦ እናንተ ከተቀመጣችሁበት ማንን አያችሁ? በአጠገባችሁ ዓይኑ እየጠፋ፣ ቤቱ እየፈረሰ፣ ልቡ እየደከመ የሚስቅ ሰው የለም? ከእናንተ በቀር ያየው የለም ይሆናል። አንዳንድ ነገር የሚታየው ከወንበር ላይ ብቻ ነው። ስለ ወንበራችሁ አመስግኑ!

እናንተ ደግሞ ፊት የቆማችሁ፣ የሚጨበጨብላችሁ፣ ጠዋት ጠዋት ኳስ የሚመታላችሁ ማን ነው? በስሙ ታውቁታላችሁ? ከዚህ ስትወጡ ደውሉለት። «ምን ፈልገህ ነው?» ይላችኋል። «ምንም አልፈለግሁም፤ ላመሰግንህ ነው» በሉት። ዝም ቢላችሁ አትደንግጡ፤ ለምዶት አያውቅም።