የይርገዱ ትልም

እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙ። የአያቶቻችን አያቶች ገና ያልተወለዱበት፣ ወንዙ ዛሬ በሚሄድበት የማይሄድበት ዘመን ነው። በዚያ ዘመን ዋሪት በምትባል የቆላ መንደር ይርገዱ የምትባል ሴት ነበረች። መሬት የላትም። ከብት የላትም። በሰው ማሳ አረም እያረመች፣ ሰው አንስቶ ሲጨርስ ቃርሚያ እየለቀመች የምታድር ሴት ናት። ባሏና ሁለት ልጆቿ በአንድ ሳምንት ውስጥ በተስቦ አልቀውባታል።

ያን ጊዜ ሟቹ ብዙ፣ ቀባሪው ጥቂት ነበር። የዋሪት ሰው ሬሳውን እስከ ቤተ ክርስቲያን መሸከም ቢያቅተው ከወንዙ ዳር አሸዋ ሜዳ ላይ ቀበረው። የማን መቃብር የት እንደሆነ የሚያውቅ አልቀረም። ከዚያ ወዲያ በሜዳው ከብት አይሰማራም፤ ሰውም በቀትር አያልፍበትም። ቀትር፣ ጥላ እግር ስር የሚገባበት ሰዓት፣ በዚያ ሜዳ ነፋስ ሳይኖር አሸዋው ሲንሿሿ ይሰማ ነበር ይላሉ።

የሜዳው ባለቤት ግራዝማች አበጋዝ የሚባሉ ባለጠጋ ነበሩ። አንድ ዓመት ከበረሃ የመጣ መንገደኛ እሳቸው ቤት አድሮ፣ ለመስተንግዷቸው አንድ ስልቻ እንግዳ ዘር ትቶላቸው ሄደ። «ኦቾሎኒ ይባላል» አላቸው። «ጥቁር አፈር ይከብደዋል። አሸዋ ስጡት።» ግራዝማች አሸዋ ያለው መሬት ያ ሜዳ ብቻ ነበራቸው። «ኧረ ይቅርብዎት» ቢሏቸው አልሰሙም። አሳረሱት። አዘሩት።

ኦቾሎኒው በቀለ። ቅጠሉ አራት አራት ሆኖ ቀን ተዘርግቶ ይውላል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደ መዳፍ ተጋጥሞ ይከደናል። ያረሙት ሰዎች ይህን አይተው «ይኼ ነገር ይጸልያል» ተባባሉ። ከዚያ ብጫ አበባ አወጣ። ሰዉ ፍሬውን ጠበቀ። አበባው በነጋታው ጠወለገ። ሌላ አበባ ፈነዳ፤ እሱም ጠወለገ። ጠውልጎ ከወደቀው አበባ ቦታ እንደ ጣት የቀጠነ ነገር ወጣ። ወደ ታች አጎነበሰ። አፈሩን ወጋና ገባ።

«ሙታኑ ናቸው» አለ ሰዉ። «አበባውን እየሳቡ የሚወስዱት እነሱ ናቸው።»

አራሚዎቹ መኮትኮቻቸውን ጣሉ። ግራዝማችም በሬ ጠምደው ማሳውን ሊገለብጡት ቆረጡ። ሰው ሁሉ ሸሸ፤ ይርገዱ ቀረች።

ሙታኑ የእሷም ናቸው፤ ወዴት ትሽሽ? በጠራራ ፀሐይ ሜዳው መሀል ብቻዋን ተቀመጠች። ወፍ የለም። ነፋስ የለም። ጆሮዋን አፈሩ ላይ ለጠፈች። ከታች ጭር፣ ጭር፣ ጭር ይላል፤ ብዙ ትንንሽ ጥፍር አሸዋ የሚቧጥጥ ይመስላል። ይርገዱ ግን አልተነሣችም፤ አንዱን ጣት መሳይ ነገር ተከትላ አፈሩን ቀስ ብላ ጫረችው። ከጫፉ ላይ ነጭ፣ ለስላሳ፣ የጨቅላ እግር ጣት የምታህል ነገር ተንጠልጥላለች። ይርገዱ መልሳ አፈር አለበሰቻትና ግራዝማች ደጅ ድረስ ሮጠች።

«ጌታዬ፣ በሬውን አይጥመዱ።»

«ምን አየሽ?»

«አበባውን ማንም አልወሰደው። ሊወልድ ነው የወረደው። አፈር ውስጥ ነው የሚወልደው።»

«የት አገር ነው አበባ አፈር ውስጥ የሚወልድ?»

«እስከ ጥቅምት ይታገሱኝ። ውሸት ከሆነ የፈለጉትን ያድርጉኝ።»

ታገሷት። ሌላ ሰው ማሳው አልገባም ስላለ ኩትኳቶውን ብቻዋን ሠራችው፤ ለየግንዱ ለስላሳ አፈር አስታቀፈችው። በጥቅምት አንዱን ይዛ ስትነቅለው ሠላሳ አርባ ፍሬ ከሥሩ ተንጠልጥሎ ወጣ። ሰው ተደነቀ፤ ግን የሚቀምስ ጠፋ። ከመቃብር የወጣ እህል ማን ይበላል? ይርገዱ ቅርፊቱን ሰብራ በላች። ሦስት ቀን ሙሉ ስትሞት ለማየት ደጇ ላይ ተሰበሰቡ። በአራተኛው ቀን ገመዷን ይዛ እንጨት ለቀማ ስትወጣ ጊዜ እያፈሩ ተበተኑ። ያኔ ሰዉ መብላት ጀመረ።

ዋሪት በኦቾሎኒ ጠገበች። ይርገዱም መድኃኒትነቱን እያደር አወቀች። ዘይቱን ጨምቃ የተሳሰረ ጉልበት ታሻለች። የአራስ ጡት ሲደርቅ ፍሬውን ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በሙቅ ውሃ በጥብጣ ታጠጣለች። የግራዝማች ልጅ አሰገደች የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ወተት እምቢ ባላት ጊዜ ይርገዱ ያንኑ አጠጣቻት፤ ሕፃኑም ጠገበ።

በሁለተኛው ዓመት ግን ዝናቡ ከወቅቱ አልፎ ዘነበ። ግራዝማች የተነቀለውን ሳያስደርቁ ጎተራ አስገቡት። ጥቂት ቆይቶ ጎተራው ይሞቅ ጀመር። ሰው ሲጠጋው እንደ ተኛ ከብት ትንፋሽ ፊቱን ይገርፈዋል። አሽከሮቹ «ጎተራው ይተነፍሳል» ብለው በዚያ በኩል ማለፍ ተዉ። ከፍሬው የበሉ ሁለት ገበሬዎች ዓይናቸው ብጫ ሆነ፤ ሆዳቸው ተነፋ፤ ሞቱ። ሰው ሁሉ ከግራዝማች ግቢ ሸሸ።

ይርገዱ መጣች። የጎተራውን ክዳን አንስታ ራሷን አስገባች። ሽታው የረጠበ መቃብር ሽታ ነው። አንዷን ፍሬ ብትሰብራት አረንጓዴ ዱቄት ቦነነ።

«ከዚህ የሚበላ አለ?» ብላ ጠየቀች።

«እሜቴ አሰገደች ዛሬ አስበጥብጣ ልትጠጣ ነው» አላት አንዱ አሽከር። «ለወተቱ ብላ፣ አንቺ እንዳሳየሻት።»

ይርገዱ ሮጠች። አሰገደች ዋንጫውን ከአፏ ልታደርስ ስትል ደረሰችና በእጇ መታ ደፋችው።

«ምን ሆነሻል አንቺ ሴትዮ!» ብላ ጮኸች አሰገደች። «የልጄን ወተት ደፋሽው!»

«እኔ ወተቱን ደፋሁ። ዋንጫው ግን ልጁን ይደፋው ነበር።»

ግራዝማች ጩኸቱን ሰምተው ጅራፍ ይዘው ወጡ። «ይኼን የመቃብር እህል ያስለመድሽን አንቺ! ገበሬዎቼን የገደልሽ አንቺ! ከደጄ ጥፊ!»

«እጠፋለሁ ጌታዬ» አለች። «ዶሮዎቹን ግን ይዩልኝ።»

ዶሮዎቹ የፈሰሰውን ከበው ይለቅሙ ነበር። ይርገዱ ወጥታ ከአጥሩ ውጭ ተቀመጠች። በነጋታው ዶሮዎቹ ክንፋቸውን ጥለው ዋሉ። በሦስተኛው ቀን በቀትር፣ ግቢው ጸጥ ባለበት፣ አንዷ አንገቷን ጠምዝዛ ወደቀች። ከዚያ ሁለተኛዋ። ከዚያ ሦስተኛዋ። አሥራ አንድ ዶሮ እንዲህ እየተከታተለ ሲወድቅ ግራዝማች ከደጃፋቸው ቆመው አዩ። ጅራፋቸውን ከቤት አውጥተው ጣሉ። ራሳቸው ወደ አጥሩ ሄደው «ግቢ» አሏት።

የጎተራውን እህል የሚነካ አልተገኘም። ይርገዱ በጀርባዋ እየተሸከመች ጉድጓድ ውስጥ ከተተችው፤ አቃጠለችው። ጭሱ ወደ ላይ አልወጣም ይባላል። መሬት መሬት እየሄደ ቤት ለቤት ዞረ፤ ሰውም በሩን ዘግቶ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ኦቾሎኒ ጆሮ አጠገብ ተወዝውዞ ፍሬው ደርቆ ካልተንኳኳ ጎተራ አይገባም። እሷ ናት ያስተማረችው።

ሦስተኛው ዓመት መጣ። አዝመራው ያማረ ነበር። ነቃዮች ከጥግ ጀምረው እየነቀሉ ወደ ወንዙ ዳር ወረዱ። በመጨረሻው ትልም ላይ ጎንጤ የሚባል ጉልበተኛ አንዱን ግንድ ይዞ ሳበ። አልመጣም። እግሩን አንፈራጦ ሳበ። ግንዱ ወደ ታች ሳበው። ጎንጤ እስከ ክርኑ አሸዋ ገባ።

«ያዘኝ!» ብሎ ጮኸ። «ኧረ ሰው ያዘኝ!»

ጎትተው ሲያወጡት በእጁ አንጓ ላይ አምስት ጣት ታትሟል። ቀትር ነበር። ሰው ሁሉ ሸሸ፤ ይርገዱ ቀረች። ግራዝማች ከማሳው ዳር ካለው ግራር ጥላ ሥር ሆነው «አንድ ትልም ነው የቀረው! ደመናው ሳይደርስ ንቀሉልኝ!» እያሉ ቢጣሩ ዞሮ ያያቸው የለም።

ይርገዱ ከትልሙ ዳር ተንበረከከች። እጇን አሸዋው ላይ አኖረች። አሸዋው በዚያ ፀሐይ ቀዝቃዛ ነው።

«ማን ነው?» አለች።

ከታች እንደ ሩቅ ሰው የሳሳ ድምፅ መጣ። አንድ ቃል ብቻ አለ፦ «እኛስ?»

ድምፁን አወቀችው የሚሉ አሉ። አላወቀችውም የሚሉም አሉ። ያለችውን ግን ሁሉም አንድ አድርጎ ይናገረዋል። «እውነታችሁን ነው» አለች። «ከራሳችሁ ላይ ዘርተን፣ ከራሳችሁ ላይ ነቅለን ስንበላ፣ አንድ ቀን እንኳ ኑ ብሉ አላልናችሁም።»

ከዚያ ጎንጤን ያስቸገረውን ግንድ በሁለት ጣቷ ያዘችው። ሳትስበው መጣ። ነጠላዋን አነጠፈች፤ ተቀመጠች፤ ፍሬውን እየሰበረች ትዘረጋ ጀመር፤ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ። ግራዝማች ከሩቅ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያያሉ። አንድ ጊዜ የልጅ ሳቅ የሰሙ መሰላቸው። ዙሪያቸውን ቢያዩ ማንም የለም።

ፀሐይ ዘንበል ስትል እየፈሩ ቀረቡ። በነጠላው ዙሪያ አራት የቅርፊት ክምር አለ። ሁለቱ ትንንሽ ናቸው።

«ይርገዱ፣ ከማን ጋር ነው የበላሽው?»

ቀና ብላ አየቻቸው። ዓይኗ በእንባ ሞልቶ ፊቷ ግን ፈክቷል።

«ግራዝማች፣ ምሳ የበላ ሰው ማን ነህ ተብሎ ይጠየቃል?»

ግራዝማች ከራሳቸው ላይ ሻሻቸውን አወለቁ። ነቃዮቹን አስጠርተው «የመጨረሻው ትልም ይቅር፤ በየዓመቱም ይቅር» አሉ።

ይርገዱ ከዚያ በኋላ ብዙ ኖራ፣ እንደ ማንኛውም አሮጊት ታማ፣ ቤቷ ሞተች። በዋሪት ግን እስከ ዛሬ ኦቾሎኒ የሚነቅል ሰው የመጨረሻውን ትልም አይነካም። የይርገዱ ትልም ይባላል። ባለማሳው መኮትኮቻውን ተሸክሞ ይሄዳል፤ ዞሮ አያይም። ከጥቂት ቀን በኋላ ግንዱ ተነቅሎ፣ ፍሬው ተለቅሞ ይገኛል። አንዳንዴ የባዶ እግር ዱካ አለ፤ አንዳንዴ የለም። በመንደሩም እህል ያለቀበት ቤት አይጠፋም፤ ልመና አፍራ ቤቷ የምትቀር እናትም አትጠፋም። ማን ለቀመው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ልጅ እንኳ ቢጠይቅ «ይርገዱ ምሳዋን በልታ ነው» ብለው ዝም ያሰኙታል።

በአባቴ ዘመን ዘርጋው የሚባል ንፉግ ሰው ነበር። ሌባውን እይዛለሁ ብሎ አንድ ቀን በቀትር ግራሩ ላይ ወጥቶ ተደበቀ። ምን እንዳየ እስኪሞት ለማንም አልተናገረም። በሚቀጥለው ዓመት ግን ሁለት ትልም ተወ።