ከመርከቡ የሚበልጠው መኪና

በግሪክ ደሴቶች መካከል ሰውና መኪና የሚያመላልሰው ትልቁ መርከብ ሊነሳ ሲል የአንድ መኪና ቦታ ብቻ ቀርቶት ነበር። ተራው የአንዲት መበለት ነው። በአሮጌ ፒካፕ ላይ ለሙሽራዋ ልጇ ያሠራችውን አልጋ ጭናለች። ሠርጉ ነገ ማዶ ደሴት ላይ ነው፤ ሌላ መርከብ ደግሞ እስከ ሰኞ የለም።

እዚያ መኪና ወደ መርከቡ የሚገባው በኋላ ማርሽ ነው። መበለቷ አዙራ መግባት ስትጀምር፣ ስታማቲስ የሚባል ባለጸጋ በሚያብረቀርቅ መኪና ከፊቷ ደርሶ ክላክሱን አንባረቀው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ያንን ቆርቆሮ ዞር አድርጊልኝ! የእኔ መኪና ቢሸጥ ይህን መርከብ ከነካፒቴኑ ይገዛል!»

መኪኖቹን የሚያስገባው መርከበኛ ፈራና መበለቷን በእጁ አስቆማት።

እሷም አንገቷን በመስኮት አወጣች። «እንኳን ደስ አለዎት፣ ጌታዬ! ከመርከብ የሚበልጥ ነገር ይዘው ታዲያ እዚህ ምን ያንገላታዎታል? በእሱው ይሻገሩ እንጂ። ለእኔ ለድሀዋ ርካሹ ይበቃኛል።»

መርከበኛው ሳቁ አመለጠውና «ግቢ!» አላት። ፊቷን ወደ ስታማቲስ እንዳዞረች ወደ ኋላ እየነዳች ገባች።

«ቀድመውኝ ከደረሱ» አለችው፣ «ለሙሽራዋ እናትሽ እየመጣች ነው ይበሉልኝ።»