«ለሕዝብ አይነበብ»

አንዲት ሴት ነበረች። ሰው ቤት ትሠራለች። ልብስ ታጥባለች፣ ሩዝ ትቀቅላለች፣ ወለል ትወለውላለች፤ ዐረብ አገር እንደሄደች እንደ ማንኛዋም እህታችሁ። የትኛው አገር እንደሆነ አልነግራችሁም። ስሟንም አልነግራችሁም። ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባችኋል።

ይህች ሴት ግን ለሥራ ብቻ አልነበረም የሄደችው። እዚችው መድረክ ሥር ተንበርክካ፣ እጅ ጭነንባት ነው የሄደችው። «ሰባኪ በማይገባበት አገር ሠራተኛ ይገባል» አለችን። እኛም አሜን አልን። እልል አልን።

እልልታ ቀላል ነው፣ ወገኖቼ።

ሄደች፤ ሥራ ጀመረች። በዓመቱ የወንጌል ስርጭት ኮሚቴያችን ቅጽ ላከላት። ቅጹን ታውቁታላችሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ሰው ጌታን ተቀበለ?» ይላል። «የለም» ብላ መለሰች። በሁለተኛው ዓመት፣ «የለም»። በሦስተኛውም ዓመት፣ «የለም»።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢያችን ጋሽ ኤርጫፎ ናቸው፤ ክፉ ሰው እንዳልሆኑ ታውቃላችሁ። «ፓስተር፣» አሉኝ፣ «እዚያ ቁጭ ብላ ወጥ እየሠራች ነው እንጂ ምን አገልግሎት አለ? ከጸሎት ዝርዝሩ ላይ ብናነሳትስ?»

እኔስ ምን አልኩ? አልተቃወምኩም። «አንድ ዓመት እንያት» አልኩ። ፈተና እንደወደቀ ተማሪ።

እዚያ ምን ታደርግ እንደነበር ልንገራችሁ። በምትሠራበት ቤት የአባወራው ልጅ አለች፤ ትዳሯ ፈርሶ ወደ አባቷ ቤት የተመለሰች ሴት። ቤተሰቡ አፍሮባታል፤ ማንም ደህና አድርጎ አያናግራትም። ሁሉም ምሳ በልቶ ሲነሣ እሷ ወጥ ቤት ትገባና ከሠራተኛዋ ጋር ቁጭ ትላለች። እህታችን አልሰበከቻትም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰማቻት። አብራት አለቀሰች። አንድ ቀን ልጅቷ ራሷ ጠየቀች። «ዕቃ ስታጥቢ ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል። ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

ከዚያ ጀመረ።

ሁለቱ እንዴት ይጸልዩ እንደነበር ታውቃላችሁ? የጁስ መፍጫውን ባዶውን ያበሩታል። እሱ ሲጮህ እነሱ ይጸልያሉ። የቤቱ እመቤት አንድ ቀን ብቅ ብላ፣ «ይህን ሁሉ ጁስ ማን ነው የሚጠጣው?» አለች። ከዚያ ወዲህ ብርቱካን ይጨምሩበት ጀመር።

እኛ እዚህ በሞንታርቦ ሰፈሩን እናናውጣለን። እነሱ የጁስ መፍጫ ተከልለው ያመልኩ ነበር። በዝርዝሩ ላይ ትቆይ ወይስ ትውጣ እያልን የተከራከርንባት ሴት እሷ ነበረች።

በአራተኛው ዓመት ቅጹ በሰው እጅ ተልኮ መጣ። «አንድ» ይላል። ከጀርባው ታሪኩን ጽፋለች። እንድንጸልይላት ብላ የልጅቷን ስም ጽፋለች። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ፣ ሁለት ጊዜ አስምራበት፣ «ለሕዝብ አይነበብ» ብላለች።

የደረሰኝ በሚስዮን ሳምንታችን ዐርብ ቀን ነው። እሑድ ይህ አዳራሽ ሞላ። ቀዩን መስመር አይቼዋለሁ። ደስታው ግን አላስቻለኝም። ልዋሻችሁ? ደስታ ብቻም አልነበረም። ፍሬ የላትም ሲሉ ለከረሙት ላሳያቸው ፈልጌ ነበር። እኔም አብሬያቸው እንደነበርኩ ረስቼ።

እዚሁ ቆሜ አነበብኩት። የልጅቷን ስም ጠራሁት። አባቷ የሚኖርበትንም ከተማ ጠራሁ። እልልታው አላቋርጥ አለ። አንዳንዶቻችሁ ታለቅሱ ነበር። ካሜራው እዚያ ጋ ነበረ። ላይቭ ነበርን።

በዚያ ከተማ ስንት ልጆቻችን እንዳሉ ታውቃላችሁ። እሑድ እሑድ በስልካቸው ከእኛ ጋር ያመልካሉ። ሰሙ፤ ደስ አላቸው፤ ተላላኩት። አንዷ ለአንዷ፣ ያቺም ለሌላዋ። ክፉ ያሰበ ሰው ያለበት አይመስለኝም። በዐሥራ አንደኛው ቀን ግን ወሬው አባትዬው ጆሮ ደረሰ።

እህታችንን በለበሰችው ልብስ አውሮፕላን ማረፊያ አደረሷት። ልጅቷን አጎቶቿ መጥተው ወሰዷት። ወዴት? አይታወቅም። በሕይወት አለች? እስከ ዛሬ አይታወቅም።

እህታችን ከመናኸሪያ በቀጥታ ቢሮዬ መጣች። የያዘችው አንድ ፌስታል ብቻ ነው። ተነሥቼ ልስማት ስል ባለችበት ቆመች፤ አልቀረበችኝም።

«ፓስተር፣» አለችኝ፣ «ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አንብበውት ነበር?»

አላየሁትም ማለት እችል ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር።

«አንብቤዋለሁ፣ እህቴ» አልኳት።

ፌስታሏን መሬት አስቀመጠች። ከዚያ፣ «እኔ አገሬ ገብቻለሁ፤ ሰው አለኝ። እሷ በዚያ ቤት ከእኔ በቀር ማንም አልነበራትም። አሁን ከማን ጋር ትጸልያለች?» አለች።

ይቅርታ ጠየቅኳት። «ጊዜ ይስጡኝ» አለችኝ። ብዙ ወራት ወሰደባት፤ ደግሞም ሊወስድባት ይገባ ነበር። ዛሬ የምነግራችሁ እሷ ፈቅዳልኝ ነው። «ይንገሯቸው፤ ስሟን ግን ሁለተኛ እንዳይጠሩ» ብላኛለች።

ወገኖቼ፣ ስለ ተዘጉ አገሮች ስንጸልይ «ጌታ ሆይ፣ በሩን ክፈት» እንላለን። በሩን የዘጋው መንግሥት ነው፣ ሕግ ነው እንላለን። እውነት ነው፣ ዘግተዋል። ነገር ግን በዚያ ሁሉ መዝጊያ መካከል አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ተከፍታ ነበር፤ ወጥ ቤት ውስጥ። እሷን ማን ዘጋት? እኔ ዘጋኋት። መጽሐፌን ይዤ፣ ክራቫቴን አስሬ፣ እዚህ ቆሜ ዘጋኋት።

ፍሬ ማየት እንወዳለን። ዘሩ በቀለ ወይ ብሎ በየማለዳው አፈሩን የሚገልጥ ገበሬ አይታችኋል? እኛ ግን እንገልጣለን። አንቺ፣ ጎረቤትሽ እያለቀሰች ያዋየችሽን የጸሎት ርእስ ነው እያልሽ ለስንት ሰው ነገርሽ? አንተስ፣ ለተቸገረ ሰው የሰጠኸው ዱቄት ፎቶ ሳይነሣ የቀረበት ቀን አለ? ማንም የማያውቀውን አገልግሎት ማገልገል እንችላለን? መጨረሻውን የማንሰማለትን ሰው ሃያ ዓመት በጸሎት መሸከም እንችላለን? እኔ አልቻልኩም። ከዐርብ እስከ እሑድ እንኳ አልቻልኩም።

ጋሽ ኤርጫፎ ያን የመጀመሪያ ጥያቄ ከቅጹ ላይ በገዛ እጃቸው ሰርዘውታል። 

ካሜራው ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ዝግ ነው። እህታችን ከመካከላችሁ ተቀምጣለች፤ ዞራችሁ አትፈልጓት። አሁን ይህን ማይክ አጠፋዋለሁ። ለዚያች ልጅ እንጸልያለን። ስም አንጠራም፤ የምንለምነው እሱ ያውቃታል። እልልታም የለም። አሜኑንም በልባችሁ በሉት።